ቅጂውና ዋናው

እኛ ተማሪዎች መገልበጥ ሲባል የምናውቀው የፈተና ኩረጃን ነው። ስለዚህ ጉለሌ በተከራየነው ቤት አጠገብ የሚኖሩት ሽማግሌ ሠዓሊ ከመጽሐፍ እያዩ የጥንት ሥዕል ሲገለብጡ ባየን ቍጥር፥ «የሰው ሥራ የሚገለብጥ ምኑን ሠዓሊ ሆነ?» እያልን በልባችን እናፌዝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገብተን፥ «ጋሼ፥ የዚህ ሥዕል ዋናው የት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ብሩሻቸውን ሳያነሡ፥ «የጎንደር አባ እንጦንስ ነው፤ ዛሬ ግን ያለው ፓሪስ ነው» አሉን። ከመካከላችን አንዱ የጎንደር ልጅ ነውና፥ «እኔ እዚያው አድጌ ሳልሰማ!» ብሎ ዝም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጂቡቲ የጥናት ጓድ ጎንደር ሰንብቶ፥ በጨርቅ ላይ ተሥለው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተለጠፉትን ሥዕሎች አላቅቆ ወሰደ። ስፋታቸው 60 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ አኖረ። ዋናዎቹ ዛሬ የሚገኙት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

በግብፅ የተሠራውን ደግሞ እንመልከት። ኒና ዴቪስ የተባለች እንግሊዛዊት ከባልዋ ከኖርማን ጋር ሉክሶር አጠገብ ባሉት መቃብሮች ብዙ ዓመት እየሠራች፥ የግድግዳውን ሥዕል ከነቀለሙ ከነስንጥቁ ገለበጠች። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚታየው ይኸው ቅጂዋ ነው። እርስዋ ለመገልበጥ ብላ ከግድግዳ የነቀለችው ነገር የለም።

እንግዲህ ቅጂ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው የትኛው ሄደ፥ የትኛውስ ቀረ ነው። እዚያ ቅጂው ተጓዘ፤ እዚህ ግን ዋናው ተጓዘና ለምእመናኑ ቅጂው ተረፋቸው።

ይሁን እንጂ የሌላውን ብቻ አንውቀስ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይባላል። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በየቀኑ በደጁ ስናልፍ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ገብተን ያየነው ስንቶቻችን ነን? እኛ ራሳችን የገባነው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ሥዕሉን በጨረሱ ጊዜ ጨርቁን ገልብጠው በጀርባው ጻፉበት፦ «ቅጂ። ዋናው የጎንደር አባ እንጦንስ።»

ጓደኛችንም፥ «ጋሼ፥ ፓሪስ ነው ብለውን አልነበረም?» አላቸው።

«ፓሪስ የተቀመጠበት ነው፥ ልጄ» አሉት። «አገሩን ነው የጻፍሁት።»