ባንኮኒ ላይ የተገኘ ቋንቋ

የልጅ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ጣልያን አገር፣ ሳሌርኖ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማንቡክ ውስጥ ጠመኔ ይዤ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር። እናቷ «አያትሽን ሰላም በያቸው» ትላታለች፤ ልጅቱ «ሰላም» ትላለች። እኔ «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? ስሜን ታውቂዋለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ ስልኩን ለእናቷ ትሰጥና ትሮጣለች። ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ባለፈው ግንቦት ልጄ ቪዛውን ጨርሳ፣ ትኬቱን ቆርጣ «አባዬ፣ ዓይንዎን ልየው» አለችኝ። በግልገል በለስ፣ በቻግኒና በእንጅባራ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ በአውሮፕላን ሮም፣ ከሮም በባቡር ሳሌርኖ። ባለቤቴ የቋጠረችልኝን በርበሬና ሽሮ ተሸክሜ ደረስኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ቢኖርም ወሬው የሁለት ሁለት ሰው ነበር። ልጄ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጇ ጋር በጣልያንኛ ታወራለች። እኔና ልጅቱ ግን እንደ መንገደኛ ከመተያየት በቀር የምንባባለው የለም። ትዕግሥቴ አለቀና አንድ ማታ ሕፃኗ ከተኛች በኋላ «አንቺ፣ ይቺን ልጅ እኮ አፍ የሌላት አደረግሽብኝ» አልኳት።

ልጄ ሰሃን እያጠበች ነበር። ፊቷን አላዞረችም።

«አባዬ፣ እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቼ የሰው እናት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ማታ ስመጣ እሷም ደክሟታል፣ እኔም ደክሞኛል። መዋዕለ ሕፃናት ሳለች አስተማሪዋ ‹ቋንቋ እንዳይምታታባት በጣልያንኛ ብቻ አናግሪያት› አለችኝ፤ አመንኳት። አስተማሪን ማመን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልነበረኝም።

እሁድ የልጄ የዕረፍት ቀን ነው። «ባሕር ላሳይዎት» ብላ በመርከብ አማልፊ ወሰደችን። ከሳሌርኖ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ ጥቂት ነው። አማልፊ ተራራው ከኋላ ገፍቶ ባሕር ዳር ያቆማት የምትመስል ትንሽ ከተማ ናት። ገደሉ በእርከን ተሠርቶ ሎሚ ተተክሎበታል፤ የአንዱ ሎሚ መጠን መዳፍ ይሞላል። አደባባዩ ላይ ረጅም ደረጃ ያለው ካቴድራል ቆሟል። የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስ አፅም እ.ኤ.አ. በ1208 ከቁስጥንጥንያ መጥቶ እዚያ እንዳረፈ ልጄ ስትነግረኝ ኮፍያዬን አውልቄ ተሳለምኩ።

እዚያው አደባባይ ላይ ፓንሳ የሚባል ኬክ ቤት አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 25 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዛሬም ከዚያው ቤተሰብ እጅ አልወጣም። አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ሙያውን እያስተላለፈ እዚህ ደርሷል። ይህን ስሰማ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁ። እኔ ለልጅ ልጄ ሰላምታ እንኳ ማስተላለፍ አልቻልኩም።

ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል ልጄ ያዝ አደረገችኝ። «እዚህ አገር ቡና ተቀምጠው ሲጠጡትና ቆመው ሲጠጡት ዋጋው ይለያያል» አለች።

«እንግዲያው ባንኮኒው ጋ እንቁም» አልኳት።

ልጅቱ ቀና አለች። «ባንኮኔ!» ብላ እናቷን አየች፤ ከዚያ በጣልያንኛ ተንጣጣች። እናቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጣልያንኛ ይችላል፣ ለምን ደበቀኝ? ነው የምትለው» ብላ ተረጎመችልኝ። ለካ ባንኮኒ የእነሱ ቃል ነው። ልጅቱ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትመረምረኝ ጀመር።

እኔም «ማኪያቶ» ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ ከሲኒ ግማሽ የማይሞላ ጥቁር ቡና ነው፤ ላዩ ላይ ወተት ጠብ ብሎበታል። የእኛን በብርጭቆ ሞልቶ፣ አረፋ ደፍቶ የሚመጣውን ስጠብቅ «ይሄማ ገና ሕፃን ነው» አልኩ። ቃሉ ራሱ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት እንደሆነ ልጄ ነገረችኝ። እንግዲህ ስሙን በትክክል የያዘው የእነሱ ነው፤ ሆድ የሚሞላው ግን የእኛ ነው።

ያኔ ልጅቱ እጄን ያዘች። ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ መስታወቱ ጎትታ ወሰደችኝና በጣቷ ታሳየኝ ጀመር። ስስ ቂጣ የተነባበረበትን ስታሳየኝ «ሚልፎኒ» አልኩ። «ሚሌፎሊዬ» ብላ አረመችኝ፤ «ሺህ ቅጠል» ማለት ነው አሉ። እኔ ሚልፎኒን የማውቀው ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ስመላለስ፣ ፒያሳ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ነው። የስሙን ትርጉም ያወቅኩት ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ከስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ቀጠልን። ብስኩት ስላት ቢስኮቶ፣ ክሬም ስላት ክሬማ፣ ቦምቦሊኖ ስላት ቦምቦሎኔ ትለኛለች። ፎርኖ ስላት ወደ ጓዳው አመለከተች፤ ለእነሱ ፎርኖ ምድጃው እንጂ ዳቦው አይደለም። ኬኩ ሲያልቅብን ወደ ሌላው ዞርን። የእናቷን ቦርሳ፣ የራሷን ካልሲ፣ ጣሪያው ላይ ያለችውን ላምባዲና እየጠቆመች አስቆጠረችኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ሴት ሥራዋን ትታ ታዳምጠን ነበር።

በመጨረሻ ልጄ ስፎልያቴላ ሳንታ ሮዛ የሚሉትን ገዛችልን። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ እዚያው አቅራቢያ፣ ኮንካ ዴይ ማሪኒ በሚባል ቦታ በነበረ የሴቶች ገዳም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት መነኩሲት በወተት ተቀቅሎ የተረፈ የስንዴ ክክ አገኘች። መጣሉ ስላሳዘናት ደረቅ ፍራፍሬና ስኳር ጨምራ፣ በሊጥ ሸፍና ጋገረችው። ዛሬ በየከተማው የሚሸጠው የዚያ ትርፍራፊ ዘር ነው ይባላል።

«ይሄማ ፍርፍር ነው!» አልኩ ሳላስበው።

ልጅቱ ማኘኳን አቆመች። ይህ ቃል ከእነሱ ቃል ጋር አይመሳሰልም። «ፊርፊር?» አለች። ከእኔ የጠየቀችው የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል ይኸው ነው። ያደረ እንጀራ እንዴት ተቆራርሶ በወጥ እንደሚታሽ በእጄ አሳየኋት። በመርከብ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «ፊርፊር፣ ፊርፊር» እያለች ስትስቅ ነበር።

እኔ ግን ሁለት ሰው ትዝ አለኝ። አንደኛው አባቴ ነው። አባቴ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጎጃም በረሃ ጣልያንን የተዋጋ አርበኛ ነበር። ከእነዚህ ቃላት ስንቱ ከመድፍ ጋር እንደገባ እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቅ ነበር። ሆኖም በስተርጅና ከሻይ ጋር ፎርኖ ዳቦ ሲቀርብለት «ባለቤቱን አስወጣነው፤ ዳቦው ምን አደረገን?» እያለ ይበላ ነበር።

ሁለተኛው አንድ ተማሪዬ ነው። ማንቡክ ስመደብ ጉሙዝኛ አንድ ቃል አልችልም ነበር። በመተከል ጉሙዙም፣ አገውም፣ ሺናሻም፣ አማራም፣ ኦሮሞም ጎረቤት ነው፤ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ጉድለቱን ቶሎ ያውቃል። አንድ የጉሙዝ ልጅ በገበያ ቀን እየተከተለኝ ማሽላውን፣ ማሩን፣ ቅሉን እየጠቆመ ስማቸውን አስያዘኝ። ፈተና አልፈተነኝም፤ ስሳሳትም አላፈርኩም። ይህን የተማርኩ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕፃን በስልክ ስፈትን የኖርኩት።

ያን ማታ ልጄን «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ኧረ አባዬ!» ብላ ጉልበቴን ሳመች።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ አያቶች፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ። የልጅ ልጃችሁ ስልክ ላይ ስትቀርብ አትጠይቋት። ዕቃ አሳዩዋት። የእሷ ቃልና የእናንተ ቃል የት እንደሚገናኝ አብራችሁ ፈልጉ፤ የማይገናኘውን ራሷ ትጠይቃችኋለች።

ከፓንሳ የገዛሁት በስኳር የተሠራ የሎሚ ልጣጭ ማንቡክ ሲደርስ ቸኮላቱ በሙቀት ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር። ባለቤቴ በቢላ ለያይታ ለቡና ቁርስ አቀረበችው። ጎረቤቶቻችን ቀምሰው «ልጣጩን ነው? እኛ የምንጥለውን!» ብለው ተገረሙ። አሁን ሎሚ በተጨመቀ ቁጥር ባለቤቴ ልጣጩን እያየች ታመነታለች።

ባለፈው እሁድ ስልኩ ጠራ። ልጅቱ ናት፤ ሰሃን ይዛ ምስሏ ታየኝ። ከእናቷ ጋር ፍርፍር ሠርተዋል። አንድ ጎረሰች፣ ፊቷን አጨማደደችና «አባባ፣ ጨው በዛ» አለችኝ።