ስም ወይስ ወንበር?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሳንሾም አማካሪዎች እንሆናለን። ከየአገራችን ስልክ ይደወላል፤ የአጎት ልጅ፥ የጎረቤት ልጅ፥ የቀድሞ መምህራችን ልጅ «ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ልምረጥ?» እያለ ይጠይቀናል። ቅኔና ታሪክ የምንማር ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር መጠየቃችን ሊያስቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ለዘመዶቻችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የዩኒቨርሲቲን ነገር ሁሉ የሚያውቅ ስለሚመስላቸው፥ «አናውቅም» ብንል እንደ ንፍገት ይቈጠርብናል። ስለዚህ ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ተከራክረን የደረስንበትን አሳብ በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ወደድን።

እንደሚታወቀው በ1943 ዓ.ም. በአገራችን የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ ብቻ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ወጣት ጥያቄው «እገባለሁን?» የሚል እንጂ «የት ልግባ?» የሚል አልነበረም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። መግቢያው ግን ጠባብ ነው። ለፈተና ከተቀመጡት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ወንፊት ያለፈ ልጅ ከእንግዲህ በር ሁሉ የተከፈተለት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሁለተኛ ወንፊት አለ፤ ወላጆች አያውቁትም፥ ልጆችም ዘግይተው ይሰሙታል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርት ያሳልፋል፤ ወደ ክፍለ ትምህርት የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ የፈለገ ሁሉ አያገኘውም፤ ወንበሩ ከፈላጊው ሲያንስ በማርክ ይደለደላል። እንግዲህ በምርጫው ቅጽ ላይ ዩኒቨርሲቲን መምረጥ ማለት፥ በእርግጡ ከእነማን ጋር ተሰልፎ ወንበር እንደሚጠበቅ መምረጥ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም ምርጫውን ሊሞላ ሲል ዶርማችን መጣ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ እጅግ ከፍተኛ ግን አልነበረም። በወረቀት የጻፋቸውን ስሞች አየን፤ ከላይ እስከ ታች ስመ ጥር የሆኑት ብቻ ተደርድረዋል። «የምትፈልገው ስሙን ነው ወይስ ትምህርቱን?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እኔስ ትምህርቱን ነው፤ አባባ ግን በሰንበቴው ላይ የሚናገረው ስም ይፈልጋል» አለን። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አባትየው ልጃቸውን ለማስተማር ብዙ የለፉ ሰው ናቸው፤ ስሙም ለእርሳቸው የድካማቸው ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ አራት ዓመት በክፍል የሚቀመጠው ልጁ ነው።

ያን ምሽት ወረቀት አውጥተን ልንጠይቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ጻፍን። የመጀመሪያው፥ ክፍለ ትምህርቱ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ተቀበለ? የመጨረሻው ሰው በስንት ማርክ ገባ? ይህን የሚያውቀው ጋዜጣ አይደለም፤ እዚያው ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ከብዙ ወሬ ይሻላል።

ሁለተኛው፥ የትምህርቱ ስም ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ፥ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፥ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አንዱ የሒሳብና የስሌት መሠረቱን ያጠብቃል፤ አንዱ የፕሮግራም ግንባታውን፤ ሌላው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን አጠቃቀም። በአንዱ ወንበር ያጣ በሌላው ሊያገኝ ይችላልና ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗልና ደንቡን ከራሱ ከሬጅስትራሩ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው፥ ላቦራቶሪው ነው። ማሽኖቹ ይሠራሉን? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለን? ተማሪው ከክፍል ሰዓት ውጭ መግባት ይፈቀድለታልን? የሳይንስ ወዳጆቻችን እንደሚሉት ፕሮግራም መጻፍ እንደ ዋና ነው፤ ከውኃው ሳይገቡ አይለመድም።

አራተኛው፥ የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ፥ ከግል ተቋማት 17 ከመቶ ገደማ አልፈዋል። ይህ ማለት የግል ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ በኮምፒዩተር ትምህርት የተመሰገኑም አሉ። ነገር ግን ገንዘብ ከፍሎ የሚገባ ሰው ከሕንፃው ማማር በፊት «ከእናንተ ተማሪዎች ስንቱ አለፈ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምርጫውን እንዲህ ደረደርነው። ከአቅም ጥቂት ከፍ ያለ አንድ፥ ይህ ለተስፋ ነው፤ ተስፋም አይከለከልም። በአቅም ልክ የሆኑ ሦስት ወይም አራት፥ ቅጹ በእነዚህ ላይ ይቆማል። በመጨረሻም ወንበሩ የማይቀር አንድ፤ ይህም ቢደርሰው ሳያለቅስ የሚሄድበት መሆን አለበት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ትልቅ ስም ሥራ ያስገኛል፤ ከተማውም ያስተምራል» ብለው ተቃወሙን። እውነት አለው። በዋና ከተማ መሥሪያ ቤቱም፥ ሙያውን የሚያውቅ ሰውም ይበዛል። ነገር ግን ወደ ትልቁ ስም ሄዶ ወደማይወደው ክፍለ ትምህርት የተመደበ ልጅ ስሙን ይዞ ሙያውን ያጣል። እኛ ስለ ኮምፒዩተር ባናውቅም ስለ ምደባ እናውቃለን። በዚህ ፋኩልቲ ሕግ ፈልገው ቋንቋ የደረሳቸው፥ ኢኮኖሚክስ ፈልገው ታሪክ የደረሳቸው ብዙዎች አሉ። አንዳንዶቻችን የደረሰንን ወደነዋል፤ ዛሬ ለውጡ ብንባልም እንቢ እንላለን። አንዳንዶቻችን ግን ሦስተኛ ዓመት ደርሰን እንኳ በሌላው ፋኩልቲ በር ስናልፍ እርምጃችንን እናዘገያለን። ይህን ስሜት ለታናናሾቻችን ማውረስ አንፈልግም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየክፍለ ትምህርቱ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንደተወዳደረ፥ ስንት እንደገባና የመጨረሻው ማርክ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘጋጅ። የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበራትም የየራሳቸውን እንዲያዘጋጁ ይጠየቁ። ገጹ ተባዝቶ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይላክ። ወጪው ጥቂት ወረቀትና ቀለም ነው። በገጠር ላለች፥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዘመድ ለሌላት ልጅ ግን የዕድሜ ልክ ሙያዋን የሚወስን ምክር ይሆናታል። እኛን የሚጠይቁን ዘመድ ያላቸው ናቸው፤ የሌላቸው ማንን ይጠይቁ?