የተቋጠረ ፀጉር ያማል

ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ ቤታችሁ ካለ፣ የፀጉሩን መቋጠር የውበት ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ቋጠሮው ውሻው በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይጎትታል፤ ሥሩ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይም ቆዳው ይቆስላል። እኛ ቤት ያለችው ማልቲዝ ልጆች ሲያቅፏት የምታጉረመርመው ብብቷ ውስጥ ቋጠሮ ሲኖር ነው።

ቋጠሮ የሚበዛው ከጆሮ ጀርባ፣ በብብት፣ በአንገት ማሰሪያው ሥርና በጭኖቹ መሃል ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለማይታወቅ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ፈልጉት። ውኃ ይበልጥ ስለሚያጠብቀው ውሻውን ከማጠባችሁ በፊት ፍቱት። በክረምት ዝናብ መትቶት ሲገባም በደንብ አድርቃችሁ አበጥሩት።

የልጁን ፀጉር ለሹሩባ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ዘዴው አይጠፋውም። ቆዳው እንዳይሳብ የፀጉሩን ሥር በጣት ጨብጦ፣ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ መሄድ ነው። መቀስ ግን አታስጠጉ፤ ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚወጣ በቀላሉ ይቆረጣል።

ቋጠሮው ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ማበጠሪያውን ተዉት። እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ በቶንዶስ ይላጭ። የኛዋ ልትላጭ ስትል ልጆቼ «ታስጠላለች!» ብለው ተከራከሩኝ። «ፀጉሯ ተመልሶ ይበቅላል፤ እሷ ግን አመመኝ ብላ መናገር አትችልም» አልኳቸው። አሁን ማታ ማታ ተራ ገብተው የሚያበጥሯት እነሱ ናቸው። እናንተም ይህን ሥራ ለልጆቻችሁ ስጡ፤ መናገር የማይችልን ፍጡር ሕመም በእጃቸው ዳብሰው ማወቅን ይለምዱበታል።