ከጎን የተጀመረ ጨዋታ

እሁድ በአማተሮች የቼዝ ውድድር የመጨረሻ ዙር የደረሰኝ የድሮ ተማሪዬ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ እዚሁ ስላለ ከፈለገ ራሱ ይናገር። ከ11ኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ ከገባ ወዲህ ተያይተን አናውቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ካሸነፍኩት ሦስተኛ እወጣለሁ።

ነጭ ስለነበርኩ ሲ4 ብዬ ጀመርኩ። የክበባችን ልጆች የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ «የቲቸር የፍርሃት ጨዋታ» ትሉት ነበር። የምን ፍርሃት! እንደ ፈረንጆቹ በ1843 ስታውንተን ፓሪስ ላይ ሴንት አማንን ሲገጥም የተጫወተው ነው። ፊሸርም በ1972 ሬይኪያቪክ ላይ ስፓስኪን በስድስተኛው ጨዋታ ሲረታው ሲ4 ብሎ ነው የጀመረው። መሃሉን በወታደር ከመያዝ ከጎን ሆነህ ትጠብቃለህ፤ ሌላው መጥቶ ይያዘው፣ አንተ ከሩቅ ትመታዋለህ። የጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ይሄ ይገባቸው ነበር። የእነሱ ጨዋታ እኮ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ተራ የለውም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ።

እሱ ኢ5 አለ፣ ቀጥሎም ዲ5 ገፋ። ተበላላንና ፈረሱ መሃል ላይ ቆመ። እኔ ቢሾፔን ጂ2 ላይ አድርጌ በረጅሙ ሰያፍ ቢ7ን መጠበቅ ያዝኩ። ከሃያ ምናምን ሙቭ በኋላ ያቺን ወታደር በላኋት። ንግሥቶቹ ወጡ፣ ፈረሶቹ ወጡ፣ በመጨረሻ ለየራሳችን አንድ አንድ ሩክ ቀረ፤ ለእኔ አንዲት ወታደር ትርፍ።

ልጁ አልቸኮለም። ንጉሡን ከወታደሬ ፊት አስቀመጠ። ሩኩን ስድስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ ወዲያ ወዲህ ብቻ። ንጉሤ ማለፊያ አጣ። ወታደሬን ወደ ስድስተኛው ስገፋት ሩኩ ቁልቁል ወርዶ ከጀርባዬ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ! መሸሸጊያ የለም። ፊሊዶር ከ200 ዓመት በላይ በፊት ያሳየው መከላከያ ነው። 9ኛ ክፍል ሳሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳልኩላቸው ደግሞ እኔ!

አቻ ተባባልን። እጁን ሲዘረጋልኝ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ ነበር።

«ቲቸር፣ ሩኩን ከስድስተኛው አታንሱ ብለውን ነበር እኮ» አለኝ።

አራተኛ ወጣሁ።

ቡና ስንጠጣ ጋራዡ ውስጥ በምሳ ሰዓት በርሜል ላይ ሰሌዳ ዘርግቶ ሁለት ልጆች እንደሚያስተምር ነገረኝ። የድሮ ወረቀቶቼን ጠየቀኝ። የ2006ቱ የክበባችን ኮፒ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ የእኔን አይጥ በልቶታል።