በትልቅ ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ስለ መምረጥ

ሰው የሚኖርበትን ቤት ሲመርጥ አብዝቶ ይመረምራል። ጣራው ያፈስስ እንደ ሆነ ቀና ብሎ ያያል፤ ግድግዳውን በእጁ ይመታል፤ የበሩን ቁልፍ ደጋግሞ ይሞክራል። ቤቱ የቆመባትን ከተማ ግን እንዲህ አድርጎ የሚመረምር ጥቂት ነው። የሚመላለስበት መንገድ፥ የሚጠጣው ውሃ፥ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፥ በታመመ ጊዜ የሚጠይቀው ጎረቤት እንዴት እንደ ሆኑ የሚያውቀው ዕቃውን ካወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ በትልቅ ከተማ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዲቱን መርጦ ለመኖር የሚያስብ ቤተ ሰብ ቢገኝ ይጠቅመው እንደ ሆነ ብዬ፥ እኛ በቤታችን ስንመካከርበት የቆየነውን ነገር ለአንባብያን ላቀርብ ወደድሁ።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ በኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ በከተማው መካከል በሚገኝ መሥሪያ ቤት ያገለግላል፤ እኔ በቤት ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሁለት ልጆች በትምህርት ላይ አሉን፤ አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የቤቱ ኪራይ የደመወዙን እኩሌታ እየወሰደ ስለ ሄደ፥ እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን እኛም ዓይናችንን ከከተማው ወደ ውጭ አነሣን። ከእኛ ወገን የሚወጡት ታላላቅ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፥ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ወጥቶ እስከ ጅማ ይዘልቃል።

በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሰዎች ከታላቁ ከተማ ወደ ትንሹ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን ሸሽተው ነው። የጅቡቲ ሰዎች ነፋስ ለመቀበል ወደ አርታ ተራራ ይወጣሉ። ኢጣልያኖችም በ1890 ዓ.ም. ገደማ የኤርትራን ግዛት መቀመጫ ከምፅዋ ወደ አስመራ ሲያወጡ፥ የደጋው አየር አንዱ ምክንያታቸው ነበር። ለእኛ ግን ወደባችን መርካቶ ነው፤ እህሉም፥ ልብሱም፥ ቆርቆሮውም የሚራገፈውና የሚጫነው ከዚያ ነው። እኛ የምንሸሸው ሙቀት አይደለም፤ የምንሸሸው የቤት ኪራይ ነው። ሙቀት ግን ሰው በሸሸው ጊዜ ተከትሎ አይወጣም፤ ኪራይ ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር፥ ከከተማው የምንወጣበት ምክንያት የሚዘልቅ ነው ወይስ የሚያልፍ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ነገር ከታላላቆች ታሪክ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ጊዜ፥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቀው፥ እንጨት በማይቸግርበት ስፍራ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደረሰ። መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞችም ቤታቸውን በአዲስ አበባ ሠርተው ነበርና መነሣት አልወደዱም። የመውጣቱ ምክንያት በቀረ ጊዜ መውጣቱም ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬም ይሳለሙታል። በኮልፌ አጠና ተራ አጠናው ተደርድሮ ለሽያጭ ሲቆም ባየሁ ቁጥር፥ የአንዲት አገር ዋና ከተማ በዚህ ዛፍ ምክንያት በቦታዋ እንደ ቀረች አስታውሳለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ራሷ ኮልፌ ናት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የጦር ትምህርት ለመማር ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ፥ የሠለጠኑት በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። በዚያ ዘመን ኮልፌ የከተማ ዳር ነበረች። ዛሬ ግን ከእርስዋ አልፎ ቤቴል፥ ዓለም ባንክና ካራ ቆሬ ተሠርተዋል፤ ዳር የነበረው መካከል ሆኗል። ስለዚህ ርካሽ ኪራይ ብቻ ፈልጎ ወደ ዳር የሚወጣ ሰው፥ ልጁ ባደገ ጊዜ ያንኑ ሰፈር ውድ ሆኖ ያገኘዋል። የኪራይ መርከስ ያልፋል፤ ውሃው፥ መንገዱ፥ ሕጉና ጎረቤቱ ግን ይቀራሉ። እኛም ከተሞቹን የመረመርነው በነዚህ በአራቱ ነው።

ስለ ውሃ የምናገረው ከቡራዩ ጀምሬ ነው። ከከተሞቹ ሁሉ ለእኛ የምትቀርበው እርስዋ ስትሆን፥ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ በእርስዋ አጠገብ ይገኛል። ነገር ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፥ ከግድብ አጠገብ መኖርና ውሃ ማግኘት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቤት የሚያይ ሰው ቧንቧ መኖሩን አይጠይቅ፤ ቧንቧ በሁሉ ዘንድ አለ። በሳምንት ስንት ቀን፥ በሌሊት ወይስ በቀን እንደሚመጣ፥ በሚጠፋበት ጊዜ ሰዎቹ ከየት እንደሚቀዱ ይጠይቅ። ይህንንም ከአከራዩ ሳይሆን ጄሪካን ተሸክማ ከምታልፈው ሴት ቢጠይቅ እውነቱን ያገኛል።

ሆለታ አየሯ የተወደደ፥ ወተቷም የታወቀ ነው። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በእርስዋ ነበር፤ የእርሻ ምርምር ማዕከልም አላት። ከእርስዋ በደቡብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ የመናገሻን ደን ተሸክሟል፤ ጥዱን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። ልባችን ወደ እርስዋ ዘነበለ። ዳሩ ግን ባለቤቴ በየቀኑ ወደ አዲስ አበባ መካከል መመላለስ አለበትና ለእኛ መንገዱ ረዘመብን። ሥራው በዚያው ለሆነ ሰው፥ ወይም ጡረታ ለወጣ፥ ከሆለታ የተሻለ መምረጥ ያስቸግራል።

ስለ መንገድ ሰዎች የሚያወሩት በኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ግን በሰዓት መቁጠር ይሻላል እላለሁ። አንድ ሰው ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፥ ለመመለስም እንዲሁ ቢፈጅበት፥ በቀን ሦስት ሰዓት፥ በአምስት የሥራ ቀን 15 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 750 ሰዓት ነው፤ ይህም ቀንና ሌሊቱ አንድ ላይ ተቆጥሮ ከ31 ቀን ይበልጣል። በዓመት አንድ ወር ሙሉ ከልጆቹ ተለይቶ በታክሲ ወንበር ላይ ይኖራል ማለት ነው። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ይህን ወር ይገዛ እንደ ሆነ ባልና ሚስት ተቀምጠው ያስሉት። ባለቤቴ ሒሳቡን በወረቀት ብቻ አልተወውም፤ በሰበታ ከሚኖር ዘመዳችን ቤት ሦስት ሌሊት እያደረ በሰኞ፥ በማክሰኞና በረቡዕ ወደ ሥራው ወጣ። በሦስተኛው ቀን ማታ፥ «ይቻላል፤ ነገር ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መነሣት ግድ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ፈተና በእሑድ ቀን ቢደረግ አይጠቅምም፤ እሑድ መንገድ ሁሉ ቅርብ ነው።

ሰበታ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የታወቀው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለባት፤ ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና ሌሎችም ፋብሪካዎች አሉባት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ከባሕር የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ምድር ባቡርም ሐዲዱ የሚነሣው ከእርስዋ ነው። ፋብሪካ ለእንጀራ በጎ ነው፤ በፋብሪካ አጠገብ ባለ ወንዝ ዳር ቤት የሚይዝ ግን በበጋ ጊዜ፥ ውሃው ባነሰበት ወራት፥ የወንዙን ሽታ አስቀድሞ ይመርምር።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር በኦሮሚያ ክልል በተመሠረተው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። በዚያም ጊዜ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ያለ የሌለ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ቤተ ሰቦችም ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የጨረቃ ቤት ዋጋው የሚረክሰው በምክንያት ነው። ካርታውን በአስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ሳያስመረምር ቦታ የሚገዛ ሰው፥ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ይደርስበታል፤ የፈሰሰው ጎጆ ከሆነ ደግሞ መልቀሙም አይገኝም። ስለዚህ እኛ ከመግዛት በፊት አንድ ዓመት ተከራይተን መቀመጥን መረጥን።

ከሁሉ የሚከብደው የጎረቤት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወሰን ሲያልፉ የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው በእርሱ ያስተምራሉ። ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ችግር ይቈጥረዋል። እኔ ግን ወደ ሰው ደጅ ለመኖር የሚሄድ ሰው የዚያን ደጅ ሰላምታ መማር የሚገባው ይመስለኛል። ልጆቻችን በኮልፌ ካለች አንዲት ጎረቤታችን ዘንድ በየቅዳሜው መማር ከጀመሩ ስድስት ወር ሆኗቸዋል፤ ዛሬ እኔን የሚያርሙኝ እነርሱ ናቸው።

አማቴ ግን አልተስማሙም ነበር። በኮልፌ ከ30 ዓመት በላይ እድር ከፍለዋል፤ ባላቸውን የቀበሩት በዚያ እድር ነው። አንድ ቀን ስለ ኪራይ ስንነጋገር ዝም ብለው ሰምተው፥ «ልጆቼ፥ ኪራይ የሚረክስበትን አገኛችሁ፤ ለቅሶ የሚደርስልንስ ማን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኛ በቆጠርነው ሒሳብ ውስጥ የእርሳቸው ጥያቄ ሥፍራ አልነበረውም። እንግዲህ ከተማዋን መጥተው ይዩዋት ብለን በገበያ ቀን ልንወስዳቸው ብንለምናቸው፥ «ከተማ በገበያ ቀን ሁሉም ያምራል፤ እኔ በለቅሶ ቀን ነው የማያት» ብለው እንቢ አሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሰበታ የዘመዳችን ጎረቤት አረፈና ከአማቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ከመሸ ተተክሎ አደረ፤ ጎረምሶቹ አግዳሚ ወንበሩን በትከሻቸው ተሸክመው አመጡ፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቀሉ። አንዲት ባልቴት በኦሮምኛ ስታለቅስ ሌላይቱ በአማርኛ ተቀበለቻት፤ አንዱን ሟች ሁለቱም አነሡት። አማቴ የማያውቁትን ሰው አልቅሰው፥ ስለ ወርኃዊው መዋጮና ስለ እድሩ ሕግ ከአጠገባቸው የተቀመጡትን ሴት ጠይቀው ተመለሱ። ወደ ኮልፌ ስንመለስ መኪናው አየር ጤና እስኪደርስ ድረስ አልተናገሩም። ከዚያም፥ «የኮልፌውን እድር አላቋርጥም፤ የዚያንም ትመዘግቡኛላችሁ» አሉ። በዚህ ቃል ነገሩ ተቈረጠ፤ ክረምት ሲገባ፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ እንሄዳለን።

አንባቢ ሆይ፥ የአንተ ቤተ ሰብ ሥራና ዕድሜ ከእኛ ይለያልና ሰበታን ምረጥ አልልህም። ለአንዱ ቡራዩ፥ ለሌላው ሆለታ ትስማማው ይሆናል፤ ባለህበት መቆየት የሚሻልህም ትሆናለህ። እኔ የምለው ይህን ነው። ከተማ ስትመርጥ ወጪህን ብቻ አትቍጠር፤ የቤተ ሰብህን ሰዎች አንድ በአንድ ቍጠር። ሠራተኛው መንገዱን በሥራ ቀን ይፈትን፤ እናት ውሃውን ትጠይቅ፤ ልጆች ቋንቋውን አስቀድመው ይልመዱ፤ ሽማግሌና ባልቴት ያሉበት ቤት ደግሞ ከተማዋን በለቅሶ ቀን ይያት። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ጎረቤት ቅርብ የሚሆነው ቤቱ ስለ ተጠጋ ሳይሆን፥ በክፉ ቀን ስለ መጣ ነው።