የእግር ውሃ

እኔ በተወለድሁበት አገር፥ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለው ደጋ፥ እንግዳ ከሩቅ መንገድ ሲመጣ ከእህሉ በፊት የሚቀርብለት የእግር ውሃ ነበር። ከቤቱ ልጆች አንዱ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዞ ይንበረከክና የእንግዳውን እግር ያጥባል፤ ሲጨርስም ጉልበቱን ስሞ ይነሣል። እኔም በልጅነቴ የነጋዴውን፥ የቄሱን፥ የፈረሰኛውን እግር አጥቤአለሁ። በገዛ ቤታችን ጓሮ ትኖር የነበረችውን የአክስቴን እግር ግን አንድ ቀን እንኳ አላጠብሁም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የምጽፍልህ ስለዚያ ስላላጠብሁት እግር ነው።

አክስቴ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ነበረባት። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠው፥ ቆዳቸው እንደ ዛፍ ልጥ ሻክሮ፥ በጣቶቿ መካከል ውሃ ያዥ ነበር። በወር አንድ ጊዜ፥ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፥ እግሯ እንደ ፍም እየጋለ ብርድ ብርድ ይላትና ለብዙ ቀን ትተኛለች። ከመንደሩ ሰው አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዳንዱ ድግምት የተደረገበትን ነገር ረግጣ ነው ይላል፤ ሁሉ የሚስማማው ግን በዘር የሚሄድ ነው በሚለው ነበር። ስለዚህ ባል ሳታገባ ቀረች። ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ ከአጥሩ ሥር ትቆማለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ማንም አትግቢ አላላትም፤ ግቢ ያላትም አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ባጨ ጊዜ የልጅቱ ዘመዶች ቤታችንን ሊያዩ መጡ። አባቴ ጠዋት ጠርቶ «አክስትህን ከጎተራው ጀርባ ካለችው ጎጆ አስገባና በሩን ዝጋ፤ እስኪሄዱም ከደጁ እንዳትርቅ» አለኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህቱን ይወዳታል፥ እህልም ልብስም አጓድሎባት አያውቅም። ነገር ግን ልጁ ሚስት እንዳያጣ ፈራ። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ወደ ጓሮ ወጣ ብለው ጎጆዋን አዩና «እዚህ ማን ይኖራል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማንም የለም፤ የጥጆች ቤት ነው» አልኋቸው።

በሩ ከቀርቀሃ የተሠራ ስለ ነበረ ድምፅ አይከለክልም። ከውስጥ ግን ሳል እንኳ አልተሰማም።

ሠርጉ ተሠረገ። በሳምንቱ አክስቴ ጠበል እሄዳለሁ ብላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። አባቴ ሁለት ሦስት ጠበል ድረስ ሄዶ ጠይቋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የጠፋ በሬ የሚፈለገውን ያህል አልተፈለገችም። ዘጠና ዘጠኙን በጎች ትቶ አንዲቱን ፍለጋ የሄደው እረኛ በወንጌል ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር እኛ አንዲቱን ትተን ዘጠና ዘጠኙን መጠበቃችን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ። እኔም ተምሬ መምህር ሆንሁ። አንድ የበዓል ቀን ዳንግላ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተቀመጡት ነዳያን መካከል እግሯን በጆንያ ቁራጭ የጠቀለለች አሮጊት አየሁ። ወዲያው አወቅኋት። ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? ሳንቲም ወረወርሁላትና አለፍሁ። የወረወርሁትም ጎንበስ ብዬ በእጇ እንዳልሰጣት ነው፤ ጎንበስ ብል ፊቴን ታየዋለችና። ምጽዋት መልካም ነገር ነው፥ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ሰው ከሰው የሚሸሸግበት ጥላ ሊሆን እንደሚችል በዚያ ቀን ከገዛ እጄ ተማርሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ብመለስ የለችም። ሦስት ቀን ጠይቄ፥ ከሌሎች ሁለት ሕሙማን ጋር ተዳብላ ከምታድርባት አንዲት ደሳሳ ቤት አገኘኋት። ከደጁ ቆሜ ስሜን ከመናገሬ በፊት ቀና ብላ አየችኝና «የጥጆቹ ጠባቂ፥ መጣህ?» አለችኝ። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እርሷ ግን ትስቅ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከዐቢይ ጾም ሳምንታት አራተኛውን መፃጉዕ ብላ ሰይማዋለች። 38 ዓመት ከመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ የኖረው ያ ሰው፥ ጌታችን በጠየቀው ጊዜ ስለ ሕመሙ አላማረረም፤ ያማረረው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። አክስቴም በእነዚያ ዓመታት ከጠበል ወደ ጠበል ዞራለች፤ ውሃ አላጣችም። ያጣችው እኛን ነው።

ወደ ቤቴ ወስጄ ለአንዲት የጤና ባለሙያ ባሳየኋት ጊዜ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ፤ የቀረውን እኔ በኋላ እያነበብሁ ደረስሁበት። ሐኪሞች በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፥ እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ያጣመረው ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ይሰርጋል። ዓይን የማያየው ብናኝ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን መስመሮች እያቆሰለ ይዘጋቸዋል፤ እግሩም ያብጣል። ከእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው አገራችን የእሳተ ገሞራ አገር ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያሻውም፤ ያ ድንጋይ ነው ዘመን ፈጭቶት የእርሻችን አፈር የሆነው። በሽታው ትንኝ ከምታመጣው ከቆላው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአገራችን አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንደ ያዘ ይገመታል።

ስለ ዘርስ የሚባለው? እዚህ ላይ የመንደሬን ሰው ጨርሼ ልወቅሰው አልችልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰው በትውልዱ ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በሽታው ከቤት ቤት እንደሚለይ ማየታቸው ልክ ነበር። የሳቱት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነው፤ ዘሩ ምንም ቢሆን እግሩ አፈሩን ካልነካው በሽታው አይመጣም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ለካ ጫማ ብቻ ኖሯል?» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

ሕክምናውም ብዙ ምሥጢር የለበትም። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፥ ተሐዋስያን የሚገድል መድኃኒት ጥቂት ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፥ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ፥ ከዚያ ወዲያ ያለ ካልሲና ያለ ጫማ አለመሄድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ፥ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን የተደረገ ጥናት ይህ ተራ የሚመስል እንክብካቤ ያን ትኩሳት የሚያመጣ ሕመም እንደሚቀንሰው አረጋግጧል።

የመጀመሪያውን ማታ ልንገርህ። ውሃውን አሙቄ በሳፋ አቀረብሁ። ጆንያውን ስፈታ ሽታው ከቤቱ ሊያስወጣኝ ደረሰ፤ እጄም ወደ ኋላ አለ። አየችኝ። እግሯን ሰብስባ «ተው ልጄ፥ እኔ እንግዳ አይደለሁ» አለችኝ። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የወይንና የወይራ ቅጠል ይዞ፥ ጎንበስ ብሎ የምእመናኑን እግር ሲያጥብ በየዓመቱ አይቻለሁ፤ ደስ ይለኝም ነበር። ያን ጊዜ የሚታጠበው እግር ግን አስቀድሞ ከቤቱ ታጥቦ የመጣ ነው። ጴጥሮስ እግሩን አልሰጥም ያለው ስለ ትሕትና እንደ ሆነ ተምሬ ነበር፤ ስለ እፍረትም ሊሆን እንደሚችል ያሰብሁት በዚያ ማታ ነው። ምን እንደምመልስላት አጣሁ። ዝም ብዬ እግሯን ስቤ ከውሃው አገባሁት። ስጨርስም እንደ ልጅነቴ ልማድ ጉልበቷን ሳምሁ፤ እርሷም እጇን ከራሴ ላይ አኖረች።

ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሽህም። በሦስት ወር ውስጥ ሽታው ጠፋ፤ ትኩሳቱም እየራቀ ሄደ፤ እብጠቱ ግን ጎደለ እንጂ ጨርሶ አልወረደም፤ የጠጠረው ቆዳ እስከ ዛሬ አለ። በገበያ የሚሸጥ ጫማ ስለማይገባት አንድ የዳንግላ ጫማ ሰፊ እግሯን በካርቶን ላይ ለክቶ ሰፋላት። ጫማውን ባደረገች በሁለተኛው ቀን ከእኔ ሁለት ሳሙና ተቀብላ ወጣች። የት እንደምትሄድ ብጠይቃት፥ አብረዋት ያድሩ ወደ ነበሩት ወደ ሁለቱ ሕሙማን ነው አለችኝ። እነርሱም ዛሬ በየራሳቸው ሳፋ ይታጠባሉ።

ለትንሣኤ ወደ አገራችን ይዣት ሄድሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቶ ነበር። ያኔ እንድትሸሸግላት የተደረገችው ሙሽራ፥ የወንድሜ ሚስት፥ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ አክስቴን አይታት አታውቅም። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ማን እንደ ሆነች ነገራት። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ቆመችና ምንም ሳትል የእግር ውሃ ልታመጣ ገባች። ገበቴውን ይዞ የወጣው የመጨረሻ ልጃቸው፥ የ14 ዓመት ብላቴና ነበር፤ ከእርሻ ገና መመለሱ ነውና ባዶ እግሩ ቀይ አፈር ለብሷል። ተንበርክኮ የአክስቴን ጫማ ሊፈታ ሲል እርሷ እግሩን አየች። «ያሳክክሃል?» አለችው። «ማታ ማታ ያሳክከኛል፤ ያቃጥለኛልም» አላት። ጎንበስ ብላ ከጣቶቹ በላይ ያለውን ሥጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ባነሣች ጊዜ ጎድጎድ ያለ ምልክት ቀረ።

እናቱ ከበሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ ፊቷ ተለዋወጠ። አክስቴ ልጁን አስነሥታ በእርሷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ገበቴውን ወደ ራሷ ሳበችና ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች።

«አይዞሽ፥ ይህ ገና ጅምር ነው» አለቻት። «ሳሙና አላችሁ?»