የሰልፉ መጨረሻ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ በተለይ አንብቡት፤ ያኔ በደንብ ያላስተማርኳችሁ አንድ ነገር አለ፤ ዕዳዬን ልክፈል።

እንደምታውቁት እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት፣ ክፍለ ጊዜህ አነስተኛ ነው ተብዬ የመጽሐፍ ስቶሩ ቁልፍም በእኔ እጅ ነበር። ስቶሩ ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው። መደርደሪያው ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ያለችው አንዲት የእንጨት መሰላል ናት። መስከረም ላይ ተማሪው በር ላይ ይሰለፋል። እኔ መሰላሌን ተሸክሜ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ አወርዳለሁ፣ አስፈርሜ እሰጣለሁ። የአምናውን መጽሐፍ የሚመልሱትም እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው። የመለሱትን በር ሥር እከምርና ማታ ለብቻው እደረድራለሁ።

አንድ ቀን መሸት ሲል ከሰልፉ መጨረሻ የነበረች ልጅ ጠጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ መንገዴ ሩቅ ነው፤ ይመሽብኛል" አለችኝ።

"ተራሽን ጠብቂ" አልኳት።

ቆይቼ ቀና ስል የለችም። የአምባ ጊዮርጊስን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ላይ ከገጠር ቀበሌ በእግሯ የምትመላለስ ልጅ ናት። በማግስቱም መጣች፤ ግን መንገዷ ሩቅ ስለሆነ የምትደርሰው ሌሎቹ ከተሰለፉ በኋላ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ። የመጀመሪያውን ፈተና ስናርም ወረቀቷ ግማሹ ባዶ ነበር። ለምን ስላት፣ "መጽሐፍ አልደረሰኝም" አለች። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ሪፖርት ጽፌ ነበር፦ አንድ ተማሪ በአማካይ በአምስት ደቂቃ ተስተናግዷል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ነገሩ የገባኝ አምና ነው።

አምና አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ እየተማረ ነው፤ የመመረቂያ ሥራው ስለ አውቶማቲክ መጋዘን ነው። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ላይ ሁለተኛውን የካርጎ ተርሚናል ሲያስመርቅ በዜና ሰምታችሁ ይሆናል፤ በዓመት 600,000 ቶን ያህል ጭነት እንዲያስተናግድ የተሠራ ነው። የአውሮፕላን ጭነት የሚቀመጥበት ባለብዙ ፎቅ መደርደሪያ አለው። በመደርደሪያው ፊት ለፊት ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ወደ ላይም የሚወጣ ማሽን ጭነቱን ያስቀምጣል፣ ያወጣል።

"ቲቸር፣ ከሁለት ቁጥር ትልቁ በአማካይ ስንት ነው ብለው የሰጡን ጥያቄ ትዝ ይልዎታል? የዚህ ሁሉ ማሽን ሒሳብ የሚጀምረው ከእሱ ነው" አለኝ።

ትዝ ይለኛል እንጂ! "ለፈተና አይመጣም" ብዬ የዘለልኩት ጥያቄ ነው። ዕዳው ይሄ ነው። እስኪ አሁን አብረን እንሥራው።

መደርደሪያውን እንደ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ቁጠሩት። ማሽኑ የሚነሳው ከታች ከጥጉ ነው። በአግድም እስከ ጫፍ ለመሄድ 60 ሰከንድ፣ እስከ ላይ ለመውጣትም 60 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ዕቃው የትም ቦታ ሊሆን ይችላል። በእኔ መሰላል ከሆነ መጀመሪያ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ፤ በአማካይ 30 ሲደመር 30፣ ማለትም 60 ሰከንድ። ማሽኑ ግን እየሄደ ይወጣል። ስለዚህ የሚፈጅበት የሁለቱ ድምር ሳይሆን ከሁለቱ የበለጠው ነው። ከ0 እስከ 60 ባለው ውስጥ በዕጣ ከሚወጡ ሁለት ቁጥሮች ትልቁ ደግሞ በአማካይ 40 ነው። ደርሶ መልሱ ለማሽኑ 80 ሰከንድ፣ ለእኔ 120። ልብ በሉ፤ ማሽኑን ከእኔ የበለጠ ፈጣን አላደረግነውም። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ስላደረገ ብቻ አንድ ሦስተኛውን ጊዜ አተረፈ።

ቦዘር እና ኋይት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ይህን ሒሳብ አንድ እርምጃ ወሰዱት። ማሽኑ አንድ ዕቃ ሊያስቀምጥ ሄዶ ባዶውን ከሚመለስ፣ እግረ መንገዱን ሌላ ዕቃ ይዞ ቢመጣስ? በእኛ ምሳሌ ማስቀመጡና ማውጣቱ ለየብቻ ከሆነ 160 ሰከንድ ነው። በአንድ ጉዞ ከሆነ ግን በአማካይ 108። እኔ ደግሞ የተመለሰውን መጽሐፍ በር ላይ ከምሬ ባዶ እጄን ወደ ውስጥ እገባ ነበር! ከዚያ በፊትም በ1976 ሀውስማን፣ ሽዋርዝ እና ግሬቭስ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገው ዕቃ በሩ አጠገብ ቢቀመጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚተርፍ አስልተው ነበር። ይሄንንማ እናቶቻችን ያውቁታል፤ በየቀኑ የሚፈለገውን በርበሬ ከጓዳ ጥግ ማን ያስቀምጣል? የእኔ ስቶር ግን ሁሉም የሚወስደው መጽሐፍ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ለምን? መጀመሪያ ያገኘሁት እዚያ ስለሆነ!

ልጁ ግን ንግግሩን አልጨረሰም። "ቲቸር፣ ይሄ የጉዞው ጊዜ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ሌላ ነው" አለኝ። የሰልፍ ሒሳብ የሚባል አለ። ማሽኑ አንድ ሲሆን፣ ጥያቄውም በዘፈቀደ ሲመጣ፣ ቀላሉ ሞዴል እንዲህ ይላል። ማሽኑ ግማሽ ጊዜውን ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ ወረፋ መጠበቅን ጨምሮ ጠቅላላው ቆይታ የመስተናገጃው 2 እጥፍ ነው። 80 በመቶ ሲሆን 5 እጥፍ፣ 90 በመቶ ሲሆን 10 እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ማሽኑ ያው ነው፣ ፍጥነቱ ያው ነው፣ አማካይ ጉዞውም ያው ነው። የሰውየው ቆይታ ግን ሰማይ ይነካል። መስከረም ላይ ሁሉም በአንድ ቀን ሲመጣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

እኔ ሪፖርት ያደረግኩት የእኔን ሥራ ጊዜ ነው። ልጅቷ የኖረችው የሰልፉን ጊዜ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ እኔ ግን የራሴን ብቻ ለካሁ። በአማካይ መልካም ነው ማለት ደግሞ ለሁሉም መልካም ነው ማለት አይደለም። በካርጎ የሚሄድ አበባ ሙቀት ላይ ሰዓታት ከቆየ ይጠወልጋል፤ የመጋዘኑ አማካይ ጥሩ ነበር ብትሉት ተመልሶ አይፈካም።

ዘንድሮ የምሠራበት ትምህርት ቤት ስቶር ኃላፊው ፈቀደልንና ከተማሪዎቼ ጋር ስልክ ይዘን ለካን። ማሽን የለንም፤ መሰላሏ ያችው ናት። ብዙ የሚፈለገውን መጽሐፍ ወደ በሩ፣ ወደ ታች አወረድነው። የተመለሰ መጽሐፍ ይዞ ሳይገባ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም አልን። የየክፍሉን ቀን ለያየነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ደግሞ ዘግይተውም ቢደርሱ ቅድሚያ ያገኛሉ። ይሄን የመጨረሻውን ሒሳቡ አልነገረኝም። ከሩቅ የመጣ ሰው ቅድሚያ እንዲሰጠው ሒሳብ ሳያስፈልገኝ ማወቅ ነበረብኝ።

ልጅቷ ያን ዓመት ክፍሉን ደገመች፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች አላውቅም። ጥፋቱ ሁሉ የመጽሐፉ ነው አልልም። የእኔ ድርሻ ግን ስንት እንደሆነ አውቃለሁ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ የጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ፣ የባንክ ሠራተኞች የሆናችሁም፣ ነገ ሪፖርት ስትጽፉ ከአማካዩ ጎን አንድ ቁጥር ጨምሩ፦ የመጨረሻው ሰው ስንት ሰዓት ቆመ?

ለተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ፦ ከ0 እስከ 60 ከሚወጡ ሦስት ቁጥሮች ትልቁ በአማካይ ስንት ነው? መልሱን ከነአሠራሩ ከታች ጻፉልኝ። አሁን ለፈተና አይመጣም አልልም።

መልካም ምሽት!